የአየርላንድ ገመና

እ.ኤ.አ. ሜይ 2015 ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከእንግሊዝ ወደ ደብሊን የሚሻገሩት መርከቦችና አውሮፕላኖች በወጣቶች ተሞልተው ነበር። ወቅቱ የገና በዓል አልነበረም። ተጓዦቹ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ የተጠሩ ዘመዳሞችም አልነበሩም። ከአገር ከወጣ ዐሥራ ስምንት ወር ያልሞላው አየርላንዳዊ በምርጫ መሳተፍ ይችላል፤ ድምፁን የሚሰጠው ግን በአካል ተገኝቶ ነው። እናም ከለንደን፣ ከኒውዮርክ፣ አንዳንዱም ከአውስትራሊያ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ። አየርላንድ ከ1845ቱ የድንች ረኃብ ጀምሮ ልጆቿን በመርከብ ስትሸኝ የኖረች አገር ናት። ልጆቿ አንድ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ለመክተት እየተጋፉ ሲመለሱ ግን ያን ያህል የታየበት ጊዜ አልነበረም።

ለሕዝቡ የቀረበው ጥያቄ አጭር ነበር፤ ጾታቸው ሳይለይ ሁለት ሰዎች በሕግ መሠረት መጋባት ይችሉ ዘንድ ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል ወይስ አይሻሻል? ሜይ 22 ቀን ድምፅ ተሰጠ። በማግስቱ ሲቆጠር 1,201,607 ሰዎች «ይሻሻል»፣ 734,300 ሰዎች «አይሻሻል» ብለው ተገኙ። በመቶኛ ሲሰላ 62 ለ38 መሆኑ ነው። የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በሕዝበ ውሳኔ በመፍቀድ አየርላንድ ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር ሆነች።

ይህን ዜና የሰማ ሰው «ድሮም ልቅ አገር ናት» ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። ይሁንና ይህች አገር ከዚያ ቀን ሃያ ሁለት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ ይህንኑ ግንኙነት ከዕድሜ ልክ እስራት በሚደርስ ቅጣት የምትከለክል ነበረች። ፍቺን በሕገ መንግሥት ያገደች፣ ልጆቿን በቤተ ክርስቲያን ደወል የምታሳድግ አገርም ነበረች። ለዚህ ነው የአየርላንድ ታሪክ ከሌሎቹ ይልቅ ትኩረት የሚስበው። «ሊበራል» የሚባል አገር እንደ ተራራና እንደ ወንዝ ከጥንቱ እዚያው ተቀምጦ የኖረ የሚመስለን ካለን፣ ያ ልብ ወለድ ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ ለዚህ ጉዳይ የለመድነው ስም ከኦሪት ዘፍጥረት፣ በእሳት ከጠፋችው ከተማ የመጣ ነው። ስሙ ራሱ ፍርድ ስለሆነ ተከሳሹ ገና ሳይጠየቅ ይፈረድበታል። ለስብከት ይመች ይሆናል፤ ለታሪክ ግን አይመችም። እዚህ «የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች» የምለው ስለዚህ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የእኛው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን እንደሚያስቀጣ አንባቢ ያውቃል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን የሌላ ሕዝብ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጳጳሱና ገመዱ

በ1634 ደብሊን ላይ የተቀመጠው ምክር ቤት ከእንግሊዝ የተቀዳ አንድ ሕግ አጸደቀ። በሕጉ መሠረት ከወንድ ጋር የተኛ ወንድ በሞት ይቀጣል። ስድስት ዓመት ቆይቶ በ1640 በዚሁ ሕግ አንድ ሰው ደብሊን ውስጥ ተሰቀለ። ሰውየው ጆን አተርተን ይባላል፤ የዋተርፎርድና የሊዝሞር የፕሮቴስታንት ጳጳስ ነበር። ገመዱ ካባና ቡትቶ እንደማይለይ አገሬው ከመጀመሪያው አየ።

የሞት ቅጣቱ በ1861 ቀርቶ በዕድሜ ልክ እስራት ተተካ። በ1885 ደግሞ ሄንሪ ላቡሼር የተባለ የለንደን ፓርላማ አባል ባስገባው ማሻሻያ፣ በሁለት ወንዶች መካከል የሚፈጸም ማናቸውም «ነውረኛ» ድርጊት በአደባባይም ይሁን በተዘጋ ቤት ውስጥ እስከ ሁለት ዓመት እስራት እንዲያስቀጣ ተደረገ። ሴቶችን ሕጉ በስም አልጠቀሳቸውም። ይህ ግን ጥበቃ አልሆነላቸውም፤ ከነጭራሹ እንደሌሉ ተቆጥረው ኖሩ።

በዚህ ሕግ ከተቀጡት ሁሉ ስሙ የገነነው የደብሊኑ ተወላጅ ኦስካር ዋይልድ ነው። በ1895 ለንደን ላይ ሁለት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደበት። ቴአትሮቹ ሙሉ አዳራሽ ይዘው ይታዩ የነበረ ደራሲ በ1897 ከወህኒ ሲወጣ ጤናውም ቤተሰቡም አብረውት አልነበሩም። በ1900 በአርባ ስድስት ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ሞተ።

ስም የማጥፋት ጦር

የአየርላንድ ታሪክ ከእንግሊዝ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጉዳዩ ገና ከጥንቱ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፖለቲካ ጦር ሆኖ አገልግሏል። በ1884 ዊልያም ኦብራየን የተባለው የነጻነት ታጋይ «ዩናይትድ አየርላንድ» በሚባለው ጋዜጣው ላይ በደብሊን ያለውን የእንግሊዝ አስተዳደር ባለሥልጣኖች በዚህ ነውር ወነጀላቸው። ቅሌቱ አገር አናወጠ። ለታጋዮቹ መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ ነውሩ የገዢዎቹ ነው፣ የአየርላንድ ገበሬ ንጹሕ ነው የሚል።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ቆይቶ ጦሩ ዞሮ የወርዋሪዎቹን ወገን ወጋ። ሮጀር ኬዝመንት የእንግሊዝ ቆንስላ ሳለ፣ የቤልጅጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ በኮንጎ ሕዝብ ላይ የሚያደርሰውን ግፍ በ1904 በወጣ ሪፖርት ያጋለጠ፣ ለዚህና ለመሳሰለው ሥራውም «ሰር» የተባለ ሰው ነው። በኋላ ለአየርላንድ ነጻነት ከጀርመን መሣሪያ ሊያስገባ ሲል በኤፕሪል 1916 ተያዘ፤ ሞትም ተፈረደበት። ምሕረት ይደረግለት የሚሉ ትልልቅ ሰዎች ሲበዙ የእንግሊዝ ሹማምንት የግል ማስታወሻ ደብተሩን ገጾች ለጋዜጠኞችና ለተሰሚ ሰዎች በምስጢር አሳዩ። ገጾቹ ከወንዶች ጋር ስለነበረው ግንኙነት የሚናገሩ ነበሩ። አፎች ተዘጉ። ኦገስት 3 ቀን 1916 ለንደን ውስጥ ተሰቀለ።

አየርላንዳውያን ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ደብተሮቹ በእንግሊዞች የተቀነባበሩ ሐሰተኞች ናቸው ሲሉ ኖሩ። በ1965 አፅሙ ወደ አገሩ ሲመለስ ፕሬዚደንት ዲ ቫሌራ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው በብርዱ መሀል ከመቃብሩ ቆመው ጀግናነቱን መሰከሩ። ስለ ደብተሮቹ ግን አልተነሣም። በ2002 የተደረገ የእጅ ጽሑፍ ምርመራ ደብተሮቹ የራሱ የኬዝመንት ናቸው አለ። አንድ ሕዝብ ጀግናውን ለማክበር ሲል የጀግናውን ግማሽ ሕይወት ሊክድለት ተገድዶ ነበር። ገመና ማለት ይኸው ነው፤ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማያነሣው።

ነጻነት በ1922 ሲመጣ አዲሱ መንግሥት በየመንገዱ የተተከሉትን ቀይ የእንግሊዝ ፖስታ ሳጥኖች አረንጓዴ ቀለም ቀባቸው። የ1861ንና የ1885ን ሕጎች ግን እንዳሉ ያዛቸው። በ1937 የወጣው ሕገ መንግሥት በቅድስት ሥላሴ ስም ይጀምራል፤ እስከ 1972 ድረስም ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ልዩ ስፍራ ይሰጥ ነበር። ይህን ማንነት እንደ ቀልድ ማየት አይገባም። ለዘመናት እምነቱ የተገፋበት ድኻ ሕዝብ ቤተ ክርስቲያኑን መጠለያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉ አድርጎ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተለየ ሰው የአገሩን አጥር እንዳፈረሰ ይቆጠራል። እንዲህ ያለው ሰው ሁለት መንገድ ነበረው፤ ዝም ብሎ መኖር ወይም የእንግሊዝን መርከብ መሳፈር።

ሁለት ሰልፎች፣ አንድ ፍርድ

እንግሊዝና ዌልስ በ1967 ሕጋቸውን አሻሻሉ። ሕጉን ያወጣው አባት ሲተወው የተቀበለው ልጅ ያዘው። በጁን 1974 ዐሥር የሚሆኑ ሰዎች ደብሊን ውስጥ ሰሌዳ ይዘው ሰልፍ ወጡ። ከፍትሕ ሚኒስቴር በተጨማሪ በእንግሊዝ ኤምባሲ ደጃፍም ቆሙ፤ ያሰራቸው ሕግ የተጻፈው ለንደን ነበርና። መንገደኛው ቆም ብሎ አይቷቸው አለፈ።

በ1979 ደብሊን ሁለት ነገሮችን አስተናገደች። በማርች ወር የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የሚሰበሰቡበት ሂርሽፌልድ የተባለ ማዕከል በአንድ አሮጌ ሕንጻ ውስጥ ተከፈተ። በሴፕቴምበር ደግሞ ሊቀ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ መጡና በፊኒክስ ፓርክ ቅዳሴ ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተሰበሰበ። ከጠቅላላው ሕዝብ ሲሰላ ከሦስት ሰው አንዱ እዚያ ነበር ማለት ይቻላል። ከሁለቱ የትኛው የነገይቱን አየርላንድ እንደሚያመለክት በዚያ ዓመት የተጠየቀ ሰው ሳያመነታ ፊኒክስ ፓርክን ባሳየ ነበር።

በሴፕቴምበር 1982 በደብሊን ፌርቪው ፓርክ አንድ ሰው በወጣቶች ተደብድቦ ሞተ። ወጣቶቹ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነው ያሉትን እያሳደዱ የሚመቱ ነበሩ። በማርች 1983 ጥፋተኛ ከተባሉ በኋላ ዳኛው የታገደ ቅጣት በይነውባቸው አምስቱም ወደየቤታቸው ሄዱ። በዚያው ወር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ፓርኩ በሰልፍ ሄዱ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ዐሥር የነበሩት በዝተዋል፤ ከእነርሱም ጋር የሠራተኛ ማኅበራትና የሴቶች ማኅበራት ሰዎች ነበሩ። ሰው ሲሞት ለቅሶ የሚደርስ ይኖራል። ለብዙ ደብሊናውያን ነገሩ «የእነርሱ ጉዳይ» መሆኑ የቀረው በዚያን ቀን ነው።

በተከታዩ ወር ኤፕሪል 22 ቀን 1983 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲጠበቅ የቆየ ውሳኔ ሰጠ። ከሳሹ በትሪኒቲ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረው ዴቪድ ኖሪስ ነው። ኖሪስ በሕጉ ተከስሶ አያውቅም። ክርክሩ ሕጉ በመኖሩ ብቻ በአገሬ ወንጀለኛ ሆኜ እንድኖር ተደርጌአለሁ የሚል ነበር። በሕግ የረዱት ሜሪ ማካሊስና ሜሪ ሮቢንሰን የተባሉ ሁለት ሴቶች ናቸው። ሁለቱም በትሪኒቲ አንዱን የሕግ ወንበር ተራ በተራ የያዙ መምህራን ነበሩ። የአየርላንድን የፕሬዚደንትነት ወንበርም በኋላ ተራ በተራ ይዘውታል፤ ሮቢንሰን በ1990፣ ማካሊስ በ1997።

ኖሪስ ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ተረታ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚደንት ኦሂጊንስ ምክንያታቸውን ሲያስረዱ፣ ክርስትና ይህን ድርጊት ለሁለት ሺህ ዓመታት ከባድ ኃጢአት አድርጎ እንደኖረ፣ በሥላሴ ስም ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀ ሕዝብም እነዚህን ሕጎች ሊሽር አስቦ ነበር ማለት እንደማይቻል ገለጹ። የተለዩት ሁለቱ ዳኞች ሄንቺና ማካርቲ ደግሞ በዜጋ ሕይወት ውስጥ መንግሥት የማይገባበት የግል ክልል አለ አሉ።

የጉዳዩ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ይገኛል። ኃጢአትና ወንጀል አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? ኃጢአት በሰውና በፈጣሪው መካከል ነው። የሚሰማው የነፍስ አባት ነው፤ ቀኖናው ጾምና ስግደት ሲሆን መጨረሻውም ይቅርታ ነው። ወንጀል በሰውና በመንግሥት መካከል ነው፤ የሚሰማው ፖሊስ ነው። መዋሸት፣ ወላጅን አለማክበር፣ በሰው ገንዘብ መጎምጀት፣ ሁሉም በዐሠርቱ ትእዛዛት አሉ፤ በእነዚህ ሁሉ ግን ፖሊስ ይግባ የሚል የለም። አብዛኞቹ ዳኞች ሁለቱን አንድ ሲያደርጓቸው የነፍስ አባቱን ሥራ ለወህኒ ቤቱ ሰጡት። ይህን መለየት አማኝ መሆንን አይከለክልም። በዚያን ጊዜ ግን እንዲህ ብሎ የሚከራከር ሰው እምነቱን የካደ ይመስል ነበር።

ከስትራስቡርግ እስከ ደብሊን

ኖሪስ ጉዳዩን ይዞ ስትራስቡርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ሄደ። ሮቢንሰንም አብራው ነበረች። ኦክቶበር 26 ቀን 1988 ፍርድ ቤቱ ስምንት ለስድስት በሆነ ድምፅ ሕጉ የግል ሕይወት የመከበር መብትን ይጥሳል ሲል ፈረደ። እዚያም ቢሆን ልዩነቱ ጠባብ ነበር።

የደብሊን መንግሥት ፍርዱን ለመፈጸም አምስት ዓመት ያህል ወሰደበት። በመካከሉ የሆነው ነገር ፈገግ ያሰኛል። በ1989 ጥላቻ መቀስቀስን የሚከለክል አዲስ ሕግ ሲወጣ ከሚጠበቁት ወገኖች መካከል የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ተጠቀሱ። እነርሱን መስደብና ሕዝብ ማነሣሣት ወንጀል ሲሆን፣ እነርሱ ራሳቸውም በሌላው መዝገብ ወንጀለኞች ነበሩ። በ1992 ፕሬዚደንት ሮቢንሰን ተወካዮቻቸውን ወደ ቤተ መንግሥት ጋበዘቻቸው። ሕግ ያልፈቀደላቸው ሰዎች በርእሰ ብሔሩ ሳሎን ሻይ ጠጡ።

በ1993 አዲስ የፍትሕ ሚኒስትር ተሾመች፤ ስሟ ሞይራ ጌገን-ክዊን ነው። የገጠር ምዕራብ አየርላንድ ተወካይና የሁለት ወንዶች ልጆች እናት ነበረች። ሊያነጋግሯት ከመጡት የመብት ተሟጋቾች መካከል የአንድ ልጅ እናት ነበረችና ስለ ልጇ ነገረቻት። ጌገን-ክዊን የእንግሊዝን ሕግ ገልብጣ ከማምጣት ይልቅ ለወንድና ለሴት፣ ለሁሉም ወገን እኩል የዐሥራ ሰባት ዓመት የዕድሜ ወሰን አስቀመጠች። ሕጉ በጁን 1993 በምክር ቤቱ ያለ ድምፅ ቆጠራ አለፈ። በዚያ ዓመት በእንግሊዝ ለወንዶች ያለው ወሰን ገና ሃያ አንድ ዓመት ነበር። ሕጉን ከውጭ የተቀበለችው አገር ሰጪዋን ቀደመቻት።

የሳሎኑ ወሬ

አንዳንዱ ይህን ሁሉ አይቶ «አውሮፓ አስገድዳት ነው» ይላል። እስከ 1993 ድረስ እውነትነት አለው። የ2015ቱን ጋብቻ ግን ማንም አላዘዘም፤ ስትራስቡርግም አልጠየቀችም።

ሌላው «ቤተ ክርስቲያን ስለ ወደቀች ነው» ይላል። ይህም ከፊል እውነት ነው። በ2009 ብቻ ሁለት ከባድ የመንግሥት ምርመራ ሪፖርቶች ወጥተዋል። ሪፖርቶቹ በቤተ ክርስቲያን በሚተዳደሩ ተቋማትና በደብሊን ሀገረ ስብከት በልጆች ላይ የደረሰውን በደልና በደሉ እንዴት እንደተሸፈነ ዘረዘሩ። ሰው ስለ ሌላው መኝታ ቤት ሲሰብክ የሰማውን ካህን፣ የራስህን ቤት ምን ሠራህበት ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ይሁንና በ2011 ቆጠራ ከመቶ 84 የሚሆነው ሕዝብ ራሱን ካቶሊክ ብሎ አስመዝግቧል። ከዚህ ሕዝብ 62 በመቶ የድጋፍ ድምፅ ሲገኝ ብዙው ከካቶሊኩ መምጣቱ የማይቀር ነው። እምነቱን የጣለ አገር እንዲህ አይቆጠርም። ይልቅ የ1983ቱን ፍርድ ቤት ጥያቄ እንደ ሁለቱ ዳኞች የመለሰ፣ ኃጢአትን ከወንጀል የለየ ሕዝብ ነው።

መንገዱም አዝጋሚ ነበር። ፍቺን ለመፍቀድ በ1986 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ሕዝቡ እምቢ አለ፤ በ1995 እሺ ያለው በ9,114 ድምፅ ብልጫ ነው። በ2010 የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ከጋብቻ ያነሰ የሲቪል ጥምረት ተፈቀደላቸው። ቀጥሎ መቶ አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉባኤ ተቋቋመ። ስልሳ ስድስቱ በዕጣ የተመረጡ ተራ ዜጎች፣ ሠላሳ ሦስቱ ፖለቲከኞች፣ አንዱ ሰብሳቢ ነበሩ። ከባለሙያም፣ ከደጋፊም፣ ከተቃዋሚም ሰምተው በኤፕሪል 2013 በ79 በመቶ ድምፅ ጋብቻው ለሕዝብ ይቅረብ አሉ።

ከዚያ ወሬው ወደየሳሎኑ ገባ። የጤና ሚኒስትሩ ሊዮ ቫራድካር በጃንዋሪ 2015 ስለ ራሱ በሬዲዮ ተናገረ። ኧርሱላ ሃሊገን የተባለች የታወቀች የቴሌቪዥን የፖለቲካ ጋዜጠኛ፣ አጥባቂ ካቶሊክ ሆና ለዐሥርተ ዓመታት የደበቀችውን ከምርጫው ሳምንት ቀደም ብላ በጋዜጣ ጻፈች። የቀድሞዋ ፕሬዚደንት ማካሊስ፣ ካቶሊክም እናትም ሆና፣ «እሺ» እንዲባል ጠየቀች። በየመንደሩም ስማቸው ያልታወቀ አባቶችና እናቶች የጎረቤታቸውን በር እያንኳኩ «ስለ ልጄ ነው የመጣሁት» አሉ። «እነዚያ ሰዎች» የሚባለው ነገር የሚያስፈራው ፊት እስኪኖረው ድረስ ነው። ከጎረቤት ልጅ ጋር የተያያዘ ዕለት ክርክሩ ስለ አንድ የሚያውቁት ልጅ ይሆናል።

«እምቢ» ያሉት 734,300 ሰዎችም የዚያው አገር ሰዎች ናቸው። ከተቃዋሚዎቹ መሪዎች አንዱ ዴቪድ ክዊን ቆጠራው ሳይጠናቀቅ ለደጋፊዎቹ እንኳን ደስ አላችሁ አለ። የደብሊኑ ሊቀ ጳጳስ ዲያርሙድ ማርቲንም ቤተ ክርስቲያኒቱ ከወጣቱ ምን ያህል እንደራቀች ቆም ብላ ማየት እንደሚገባት ተናገሩ። ሁለቱም አቋማቸውን አልለወጡም፤ ቀሳውስት ያልፈለጉትን ጋብቻ እንዲባርኩም ሕጉ አላስገደዳቸውም።

ቫራድካር በ2017 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በጁን 2018 ሕጉ የተሻረበት ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲታሰብ በምክር ቤቱ ቆሞ በእነዚያ ሕጎች የተቀጡትንና በፍርሃት የኖሩትን ሁሉ በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው መልካም ነው፤ ግን ዘግይቷል። የፌርቪው ፓርኩ ሰው አልሰማውም። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የእንግሊዝን መርከብ ተሳፍረው፣ ለእናታቸው በየገናው ካርድ እየላኩ፣ ለምን እንዳላገቡ ሳይናገሩ እዚያው የተቀበሩትም አልሰሙትም።

በሜይ 2015 ወደ ደብሊን የተመለሱት ወጣቶች የወረዱት እነዚያ ሰዎች በተሳፈሩባቸው ወደቦች ነው። ብዙዎቹ ይህን አያውቁም ነበር ይሆናል። በወደቡ የጠበቋቸው አክስቶችና አያቶች ግን ያውቁ ነበር፤ በየቤቱ ስሙ የማይነሣ፣ ከመርከቡ ያልተመለሰ አንድ አጎት አይጠፋምና።